ለመንግሥት የተሰጠ ዘመን

ጠያቂዋ በመሥሪያ ቤቷ የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ አባል የሆነች የሰው ሀብት ባለሙያ ናት፤ ኮሚቴው ውስጥ የሚነሡትን ክርክሮች ይዛ ትመጣለች። መላሹ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ነው።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ለአንድ ክፍት የሥራ መደብ የውስጥ ማስታወቂያ ወጣ እንበል። የተጠየቀው የመጀመሪያ ዲግሪና ስምንት ዓመት አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ ነው። ከተመዘገቡት አራቱ ሥራ የጀመሩት እዚሁ ነው። አምስተኛው ግን ዘጠኝ ዓመት በአንድ ዞን ፋይናንስ መምሪያ ሠርቶ ባለፈው ዓመት ወደ እኛ የመጣ ነው። ኮሚቴው እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ሌላ ቤት በሠራው እዚህ አያድግም» ይላል፤ ግማሹ «ያም መንግሥት፣ ይህም መንግሥት» ይላል። እርስዎ ከየትኞቹ ነዎት?

መላሽ፦ ከሁለተኞቹ ነኝ። «ያም መንግሥት፣ ይህም መንግሥት» የሚለው አነጋገር በሕጋችን ውስጥ የቆየ መርሕ ነው። የጡረታውን ሕግ ተመልከቺ። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ገንዘቡ የሚገባው ወደ አንድ ፈንድ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 ለአሥር ዓመት አገልግሎት ከአማካይ ደመወዝ 30 በመቶ አበል ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨምር ነበር። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ ስሌት 55 በመቶ ያገኛል። ዘጠኙን ዓመት በዞን፣ ሃያ አንዱን በፌዴራል መሥሪያ ቤት ቢያሳልፍም ውጤቱ ያው 55 ነው፤ በየትኛው ቢሮ እንደተቀመጠ የሚጠይቀው የለም። ወደ ዓመት እረፍት እንምጣ። አዋጅ ቁጥር 515/1999 አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 20 የሥራ ቀን እረፍት እንዲያገኝ፣ በየዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረለትም እስከ 30 ቀን እንዲደርስ ሲደነግግ፣ በየትኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተሰጠ የቀድሞ አገልግሎት እንዲታሰብለት አድርጎ ነበር። እንግዲህ መንግሥት ሠራተኛው ሲያርፍና ሲያረጅ «አሠሪህ እኔ ነኝ፤ የትም ብትሆን የሠራኸው ለእኔ ነው» ብሎታል ማለት ነው። ይህንኑ ሰው በጉልበቱ ዘመን፣ ልምዱ በሚፈለግበት ሰዓት፣ «ያኛው ሌላ ቤት ነበር» የሚለው በምን ምክንያት ነው? ማስረዳት ያለበት «አይቆጠርም» የሚለው ወገን ነው እንጂ ያገለገለው ሰው አይደለም።

ጠያቂ፦ ምክንያትማ አለው። እረፍትና ጡረታ መብቶች ናቸው፤ ሁኔታው ከተሟላ ለሁሉም ይሰጣሉ። ዕድገት ግን ለሥራው የሚበጀውን ሰው መምረጥ ነው። ዓመት ቆጥረን ዕድገት ከሰጠን ወንበር ያሞቀ ሁሉ ሊያድግ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ እንኳ ትኩረቱ ብቃት ላይ ነው። እርስዎ ወደ ኋላ እየመለሱን አይመስልዎትም?

መላሽ፦ ዕድገት ውድድር ነው ማለትሽ ልክ ነው። የክርክሩ ቋጠሮም እዚህ ስላለ ጥቂት ልቆይበት። «ይቆጠር» ስንል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እንጠራለን። አንደኛው ዘመን ራሱ የሚያስገኘው ጥቅም ነው፤ እረፍትና ጡረታ እዚህ ይገባሉ፤ በዚህ አንለያይም። ሁለተኛው ለውድድር የሚያበቃው ልክ ነው፤ ማስታወቂያው «ስምንት ዓመት» ሲል ከዚያ በታች ያለው አይመዝገብ ማለቱ ነው። ሦስተኛው ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ማን ይቅደም የሚለው ነው። ኮሚቴዎች የሚጨቃጨቁት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ስለሚያደባልቁ ነው። የእኔ አቋም የቀድሞ አገልግሎት ለሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ይቆጠር፣ ለሦስተኛው ግን የዚህም ቤት ሆነ የዚያ ቤት ዓመት ብዙ ነጥብ አይሰጠው የሚል ነው። ስምንት ዓመት የተጠየቀው እኮ በስምንት ዓመት ውስጥ ብቻ የሚታወቅ ነገር ስላለ ነው። አንድ የፋይናንስ ባለሙያ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስምንት የበጀት ዓመት ከፍቶ ዘግቷል፤ ተሰብሳቢና ተከፋይ ሂሳብ ሳይወራረድ ሲቀር ምን እንደሚከተል አይቷል፤ የሰኔ መጨረሻ ክፍያ እንዴት እንደሚያጨናንቅ ያውቃል፤ የኦዲት ግኝት መልስ ጽፏል። ይህ ዕውቀት ዞን ላይም ይገኛል፤ የበጀት ዓመቱ እዚያም ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ልኩ ከተሟላ በኋላ ግን አሥራ አምስት ዓመት ያለው ዘጠኝ ዓመት ካለው ይበልጣል የሚያሰኝ ነገር የለም፤ ያንን የሚለየው የሥራ አፈጻጸም ውጤትና የብቃት ፈተና ነው። ስለዚህ ብቃት ይቅደም የሚል ሰው በእኔ ሐሳብ ሊከፋ አይገባም። ብቃትን የሚጎዳው የውጭውን ዓመት ዜሮ አድርጎ ለቤቱ ዓመት ብቻ ዋጋ መስጠት ነው፤ ያኔ የምንለካው ሰውየው የሚያውቀውን መሆኑ ይቀርና የተቀመጠበት ወንበር የማን እንደሆነ ይሆናል። ወንበር ያሞቀ ሰው የሚጠቀመው በዚህኛው አሠራር ነው።

ጠያቂ፦ ይህን ልቀበል። ግን «አግባብነት ያለው» የሚል ቃል አለ። የሰውየው የሥራ ልምድ ማስረጃ «የክፍያና ሂሳብ ባለሙያ» ይላል፤ የእኛ መደብ ስም ደግሞ ሌላ ነው። ስሙ ካልገጠመ ነገ ተቆጣጣሪ መጥቶ «በምን አሳለፋችሁት?» ሲለን ምን እንመልሳለን? ኮሚቴው የማይገጥመውን የሚጥለው ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ ራሱን ለመጠበቅ ነው።

መላሽ፦ ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ኮሚቴው ላይ የሚደርሰውን ጫና አቃልዬ አላይም። ነገር ግን የሥራ መደብ ስም ከሁሉ የደከመ ማስረጃ ነው፤ ምክንያቱም ስሙን የሚቀያይረው ሠራተኛው ሳይሆን መንግሥት ራሱ ነው። አንድን የሥራ ክፍል የሚመራ ሰው ድሮ የመምሪያ ኃላፊ ይባል ነበር። የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ሲመጣ የሥራ ሂደት ባለቤት ሆነ፤ ቀጥሎ ዳይሬክተር ተባለ፤ አሁን ደግሞ ሥራ አስፈጻሚ እየተባለ ነው። ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሣ አራት ስም ሊኖረው ይችላል። ስም ለስም የሚያመሳክር ኮሚቴ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው እንኳ «የቀድሞው ልምድህ ከአሁኑ መደብ ጋር አይገናኝም» ሊለው ነው። ሥራውን እንይ። ወረዳ ላይ ያለ የንብረት ሠራተኛ ዕቃ ሲረከብ ሞዴል 19 ይቆርጣል፤ ሲያወጣ ሞዴል 22 ይቆርጣል። አዲስ አበባ ላይ ሚኒስቴር ውስጥ ያለው የሥራ ባልደረባውም የሚሠራው ይህንኑ ነው። የቢን ካርዱ ያው ነው፤ የዓመቱ መጨረሻ ቆጠራም ያው ነው፤ ዕቃ ቢጎድል የሚጠየቅበት መንገድም ያው ነው። የሂሳብ ሠራተኛውም ቢሆን አይቤክስ በተባለው የበጀትና የሂሳብ ሥርዓት ወረዳም ክልልም ፌዴራልም ሲሠራ ኖሯል። መንግሥት ቅጹን፣ የሂሳብ መደቡንና የበጀት ዓመቱን አንድ አድርጎ ሲያበቃ ልምዱን ለየብቻ ሊያደርገው አይችልም። በዚያ ላይ የሥራ ምዘናና የደረጃ አወሳሰን ጥናቱ አለ። ያ ሁሉ ዓመት የፈጀ ሥራ የተሠራው በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ያሉ መደቦችን በነጥብ መዝኖ ተመጣጣኝ ሥራ ተመጣጣኝ ደረጃና ደመወዝ እንዲያገኝ ነው። ለደመወዝ ሲሆን የሚነጻጸር ሥራ ለልምድ ሲሆን የማይነጻጸርበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ደረጃው እኩል ስለሆነ ብቻ ሥራው አንድ ነው አልልም። የላቦራቶሪ ባለሙያና የግዥ ባለሙያ አንድ ደረጃ ላይ ሊመደቡ ይችላሉ፤ የአንዱ ዓመት ግን ለሌላው አይሆንም። በመዝገብ ቤት አሥራ አምስት ዓመት ያሳለፈ ሰውም በዚያ ዘመን ኦዲተር አይሆንም። ስለዚህ ኮሚቴው ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ፤ ሥራው በምን ከፍታ ላይ ነበር፣ ምን ዓይነት ሥራ ነበር? የመጀመሪያውን ደረጃው ይመልሰዋል፤ ሁለተኛውን የሥራ ዝርዝሩ። መምህራንን ብንወስድ ነገሩ ይጠራል። አንድ መምህር ከጀማሪ መምህርነት ተነሥቶ፣ መለስተኛና መምህር የሚሉትን አልፎ፣ ከፍተኛ መምህር ደረጃ ላይ ደርሶ ወደ ትምህርት ቢሮ ተዛወረ እንበል። ለሥርዓተ ትምህርት ወይም ለፈተና ዝግጅት መደብ ቢወዳደር የክፍል ዘመኑ ከምንም በላይ አግባብነት ያለው ነው። ለግዥ መደብ ቢወዳደር ግን አይደለም። ይህን ለመለየት መዝገበ ቃላት አያስፈልግም፤ የሥራ ዝርዝሩን ማንበብ ይበቃል። ተቆጣጣሪ ቢመጣም «ስሙ ገጥሞልን ነው» ከማለት ይልቅ «ዝርዝሩን አንብበን እነዚህን ተግባራት አንድ ሆነው አገኘናቸው» የሚል ቃለ ጉባኤ ይበልጥ ያስከብራችኋል።

ጠያቂ፦ የቤቱ ሠራተኞች ቅሬታስ? እነሱ መሥሪያ ቤቱ ሲፈርስና ሲገነባ፣ በጀት ሲጠፋ፣ ኃላፊ ሲቀያየር ጥለው አልሄዱም። ተራቸውን ሲጠብቁ ከውጭ የመጣ ሰው ይቀድማቸዋል። ታማኝነትስ ዋጋ የለውም?

መላሽ፦ ዋጋ አለው፤ የቆዩትን ሰዎችም አከብራለሁ። ሁለት ነገር ግን እንለይ። የቤቱ ሠራተኛ የሚያውቀው፣ ከውጭ የመጣው የማያውቀው የተለየ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የመሥሪያ ቤቱን ልዩ ሕግና አሠራር ማወቅ፣ ያ በፈተናው ይካተት፤ የቆየው ሰው በዚያ በትክክል ይበልጣል። ቆይታው ከዕውቀት ተነጥሎ ለብቻው ይከፈለው ከተባለ ግን ታማኝነቱ ለማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ቅጥሩንም ዕድገቱንም በአንድ ሥርዓት ለማስገዛት ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ቢቀያየርም ሐሳቡ አልተሻረም፤ ሠራተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የአንድ ሚኒስቴር ቤተሰብ አይደለም። ይህ የታማኝነት ክርክር በሌላ አገርም ተነሥቶ ተመዝኗል። የኦስትሪያ ሕግ አሥራ አምስት ዓመት በኦስትሪያ ዩኒቨርሲቲዎች ላስተማሩ ፕሮፌሰሮች ልዩ የአገልግሎት ጭማሪ ይሰጥ ነበር፤ በሌላ የአውሮፓ አገር ዩኒቨርሲቲ ያሳለፉትን ዘመን ግን አይቆጥርም። አንድ ፕሮፌሰር ከሰሱ፤ መንግሥት ጭማሪው የታማኝነት ዋጋ ነው አለ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 በሰጠው ውሳኔ ላይ ግን አንድ ነገር ተመልክቷል፤ ጭማሪው በየትኛውም የኦስትሪያ ዩኒቨርሲቲ ለሠራ ሁሉ የሚሰጥ ከሆነ ለሚሠሩበት ዩኒቨርሲቲ የመታመን ዋጋ ነው ሊባል አይችልም። ፕሮፌሰሩ ካሳ አላገኙም፤ ሕጉ ግን የሠራተኞችን ነፃ ዝውውር የሚገድብ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ያው ፍርድ ቤት ከግሪክ የመንግሥት አገልግሎት ወደ ሐምቡርግ የሄደች አንዲት ሐኪም ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። በጀርመኑ ስምምነት መሠረት ሐኪም ወደ ላይኛው የደመወዝ መደብ የሚያድገው ስምንት ዓመት ሲያገለግል ነው፤ በግሪክ የሠራችው ግን አልተቆጠረላትም። ፍርድ ቤቱ ተመሳሳይ ሥራ ከሆነ ይቆጠር አለ። እነዚህ ውሳኔዎች እኛን አያስገድዱም። ነገር ግን በሁለት ሉዓላዊ አገሮች መካከል ይቆጠር የተባለ ዘመን በአንድ አገር ውስጥ፣ ከመንግሥት ግምጃ ቤት በሚከፈል ደመወዝ፣ ከዞን ወደ ሚኒስቴር ሲሻገር ውሃ ቢበላው ለማስረዳት ይከብዳል።

ጠያቂ፦ ሌላም ሥጋት አለኝ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። የወረዳው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሙሉ ከተቆጠረ ወረዳው ባዶ አይቀርም? ልምድ ያለው ሁሉ ወደ ላይ ይጎርፋል።

መላሽ፦ ይህን ሥጋት በቁም ነገር መያዝ ይገባል፤ ወረዳ ላይ የሠለጠነ ሰው እጥረት እውነተኛ ችግር ነው። መድኃኒቱ ግን ሰውየውን በዓመቶቹ ማሠር አይደለም። ገና ሥራ ሊጀምር ያለ ተመራቂ ምን እንደሚያስብ እንይ። ሩቅ ወረዳ ሄዶ የሚሠራው ዘመን በኋላ የማይቆጠርለት ከሆነ፣ የሚያዋጣው ገና ከጅምሩ አለመሄድ ነው። ማዕከል ላይ ዝቅተኛ መደብ ይዞ ተራ መጠበቅን ይመርጣል። የሄደውም ቢሆን ዓመቱ እየበዛ ሲሄድ ኪሳራው እንዳይበዛ ብሎ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ይወጣል፤ የአምስትና የስምንት ዓመት ባለሙያ አጥተን በየጊዜው ጀማሪ የምንቀያይረው በዚህ ምክንያትም ጭምር ነው። ዘመኑ የትም እንደማይጠፋበት የሚያውቅ ሰው ግን በእርጋታ ይሄዳል፣ በእርጋታም ይቆያል። ወረዳው ሰው እንዲይዝ ከተፈለገ የአስቸጋሪ ቦታ አበል፣ መኖሪያ ቤትና የትምህርት ዕድል ይሰጠው፤ እነዚህ የሚስቡ ነገሮች ናቸው። ዓመትን መሰረዝ ግን አይስብም፤ ይቀጣል። ቅጣቱ የሚያርፈው ደግሞ ይበልጥ በሴቶች ላይ ነው። የትዳር ጓደኛዋ ሥራ ሲቀየር ወይም የሚጦር ወላጅ ሲታመም አብዛኛውን ጊዜ ቦታ የምትለቅቀው ሴቷ ናት። ሕጋችን ተወዳዳሪዎች እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ሲያመጡ ለሴቶች ቅድሚያ ይሰጣል። አንዲት ሴት ከቤተሰቧ ጋር ስለተዛወረች ሰባት ዓመቷ ከተጣለባት ግን ቅድሚያው የሚሠራበት ውጤት ላይ ሳትደርስ ገና በምዝገባው ትወድቃለች።

ጠያቂ፦ ክልሎች ግን የራሳቸው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ አላቸው። የፌዴራል ኮሚቴ የክልልን ልምድ የመቀበል፣ ክልልም የፌዴራሉን የመቀበል ግዴታ አለበት ወይ?

መላሽ፦ ክልሎች የራሳቸውን ሕግ ማውጣታቸው መብታቸው ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ሰጥቷቸዋል። ያው ድንጋጌ ግን እዚያው ላይ አያቆምም፤ ክልሎች ይህን ሥልጣን ሲሠሩበት ለአንድ ሥራ የሚጠየቁት የትምህርት፣ የሥልጠናና የልምድ መመዘኛዎች ከአጠቃላይ አገራዊ ደረጃዎች ጋር የተቀራረቡ መሆናቸውን ማረጋገጥ አለባቸው ይላል። «ልምድ» የሚለው በስም ተጠርቷል። መመዘኛው እንዲቀራረብ ያዘዘ ሕገ መንግሥት ልምዱ እንዲተላለፍ አልፈለገም ማለት አይቻልም፤ መመዘኛን ማቀራረብ ጥቅም የሚኖረው አንዱ ጋ የተገኘውን ሌላው ጋ መመዘን ሲቻል ነው። በእኔ ግምት ይህ ዓረፍተ ነገር በሰው ሀብት መመሪያዎቻችን ውስጥ የሚገባውን ያህል አልተሠራበትም። የአንድን ክልል ባለሙያ ዘመን አለመቁጠር በራስ አስተዳደር ስም ሊቀርብ አይገባውም፤ ራስን ማስተዳደር ማንን እንደምንቀጥርና በምን መመዘኛ እንደምንቀጥር መወሰን ነው፤ ሌላው ቤት የተሠራ ሥራ አልተሠራም ማለት ግን የአስተዳደር ሥልጣን አይደለም።

ጠያቂ፦ ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ሐሰተኛ ማስረጃ እንዳስቸገረን ያውቃሉ። በዚያ ላይ የኮንትራት ዘመን አለ፣ የተጠባባቂነት አለ፣ ለቅቆ ሄዶ የተመለሰ አለ፣ በዲሲፕሊን የተቀጣ አለ። ሁሉንም እንቁጠር?

መላሽ፦ ሐሰተኛ ማስረጃ ወንጀል ነው፤ መፍትሔው ማጣራት እንጂ እውነተኛውንም አብሮ መጣል አይደለም። እንዲያውም ከሁሉ ልምድ ይልቅ ለማጣራት የሚቀለው የመንግሥት አገልግሎት ነው። ሰውየው ከያዘው ደብዳቤ ሌላ የግል ማኅደር አለ፣ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር አለ፣ በየወሩ የገባ የጡረታ መዋጮ መዝገብ አለ። መዋጮው የሌለበት ቋሚ አገልግሎት ቢቀርብ ወዲያው ጥርጣሬ ያስነሣል። ስለዚህ ሸክሙን በሠራተኛው ላይ ብቻ አንጫን፤ መዝገቡ ያለው በመንግሥት እጅ ነውና መሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤትን ጠይቆ ያረጋግጥ። ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ማኅተም የደበዘዘበትን ወረቀት እንደገና ያስጽፍ የሚባለው ሠራተኛ ለመንግሥት ስህተት እየከፈለ ነው። የኮንትራትና የተጠባባቂነት ዘመን ላይ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ያስቀመጠው መለያ ይጠቅመናል። በደንቡ መሠረት ተወዳድሮ የተሾመ ሰው ቀደምትነቱ የሚቆጠረው ከተሾመበት ቀን ነው፤ ሹመቱ በኋላ ከጸደቀበት ቀን አይደለም። ከደንብ ውጭ ለክፍተት መሙያ የተመደበ ሰው ግን ያን ጊዜ አያስቆጥርም። እኛም ማስታወቂያ ወጥቶ፣ ፈተና ተሰጥቶ በኮንትራት የተቀጠረ ባለሙያ የሠራበት ጊዜ ይቆጠርለት፤ በቃል ትእዛዝ የተመደበው ግን አይቆጠርለት። በተጠባባቂነት የሠራም በደብዳቤ ተወክሎ ሥራውን በእርግጥ ከሠራ ይቆጠርለት። ለቅቆ የተመለሰ ሰው ከመንግሥት ውጭ የቆየበት ጊዜ ለዓመት እረፍት አይታሰብለትም፤ ከመሄዱ በፊት የሠራው ግን ተሠርቷል። እርግጥ ነው፣ አሥር ዓመት ርቆ የቆየ ሰው ዕውቀቱ ሊያረጅ ይችላል፤ እሱን ፈተናው ያሳያል። የዲሲፕሊን ቅጣትም የራሱ ሥርዓትና የራሱ ልክ አለው፤ ኮሚቴው ዓመት በመሰረዝ ሁለተኛ ቅጣት አይጨምር።

ጠያቂ፦ እንግዲህ ነገ ጠዋት ኮሚቴው ሲሰበሰብ ምን ይዤ ልግባ?

መላሽ፦ የዚያን ሰው ዘጠኝ ዓመት የሥራ ዝርዝር ይዘሽ ግቢ። ስሙን ትታችሁ ተግባሩን አንብቡ፤ ከገጠመ መዝግቡትና ከአራቱ ጋር እኩል ይፈተን፤ ከተሸነፈም በፈተና ይሸነፍ። ካልገጠመ የማይገጥመውን ተግባር በቃለ ጉባኤ ጻፉለት፤ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም ሆነ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሊመረምረው የሚችል ምክንያት ይኑራችሁ። መመሪያ ለሚያረቅቁት ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በየድልድሉ የመደብ ስም ስትቀይሩ የአሮጌውና የአዲሱ ስም ማመሳከሪያ ሠንጠረዥ አብራችሁ አውጡ፤ በማንኛውም የፌዴራልም ሆነ የክልል መሥሪያ ቤት የተሰጠ አገልግሎት በተግባር ዝርዝሩ ተመዝኖ ለውድድር እንደሚያበቃም በግልጽ ጻፉ። ሠራተኛውም ለራሱ ይጠንቀቅ። ለቅቆ ወይም ተዛውሮ ሲሄድ ከመልቀቂያው ጋር የሚሰጠው የሥራ ልምድ ማስረጃ የመደቡን ስምና ደመወዙን ብቻ ይዞ እንዳይወጣ፤ ደረጃውን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራና ያከናወናቸውን ተግባራት አንድ በአንድ ያስጽፍ። ያን ያልያዘ ሰው ማስረጃው ላይ ማኅተም ሳይደርቅ ተመልሶ ይጠይቅ።